እድፍ ነው ወይስ ወዝ?

ከፊቴ ሁለት ብሮች ተቀምጠዋል። ሁለቱም የዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ዓመተ ምሕረቱ በግእዝ አኃዝ ፲፰፻፹፱ ተብሎ ተቀርጿል፤ ሁለቱም እዚሁ ቡላኦስ ውስጥ ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ሙዳይ፣ ከአንድ የጨርቅ ቋጠሮ የወጡ ናቸው። አንደኛው ዛሬ ጠዋት ከሱቅ የተገዛ ማንኪያ ይመስል ያብረቀርቃል። ሁለተኛው በጠርዙ ዙሪያ ጥቁር፣ ወደ መሐል ሲሄድ ሰማያዊ፣ በንጉሡ ጉንጭ ላይ ደግሞ የማር ቀለም ያለው ነው። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው «የትኛው ይሻላል?» ተብሎ ቢጠየቅ ጣቱን ወደ መጀመሪያው እንደሚቀስር አልጠራጠርም። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ስቀስር ነው። ዛሬ ልሄስ የተነሣሁት ይህንኑ ጣት ነው።

የብሮቹ ባለቤት የሰፈራችን እናት ናቸው። ሟቹ ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ብሮቹ ግን ከእናታቸው የወረዱና ከድሬዳዋ በባቡር አብረዋቸው የመጡ ናቸው። ዘጠኝ ነበሩ፦ ሦስት የምኒልክ፣ ስድስት ማርትሬዛ። ባለፈው ዓመት የልጅ ልጃቸው ፎቶግራፍ አንሥታ ፈረንሳይ አገር ለሚኖር ገዢ ላከችለትና መልስ በፈረንሳይኛ መጣ። በሰፈራችን የፈረንሳይኛ ወረቀት፣ የኪራይ ውል ይሁን የሐኪም ማዘዣ፣ መጨረሻው እኔ ቤት ነው። እማማም ይዘውት መጡ። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ስለ ሦስቱ የምኒልክ ብሮች ሲናገር «ፓቲን» የሚል ቃል ይጠቀማል። እኔም ቡና እየጠጣሁ፣ ብዙ ሳላስብ፣ «ብሮቹ ዝገት ይዟቸዋል ይላል» አልኋቸው። እሳቸውም «እኔን ልጄ! ሳላጸዳ መላኬ» ብለው በኀፍረት ሄዱ።

በሳምንቱ ተመልሰው ሲመጡ መሐረባቸውን ፈቱልኝ። ስምንቱ ብሮች ዓይን ይወጋሉ። በሎሚና በአመድ አሽተዋቸዋል፤ እምቢ ያለውን ደግሞ ድስት በሚፈገፈግበት ሽቦ ፈግፍገውታል። ዘጠነኛው የተረፈው በጨርቁ ስፌት ውስጥ ሾልኮ ገብቶ ሳያገኙት ስለ ቀሩ ብቻ ነው። ገዢው አዲሱን ፎቶግራፍ ሲያይ የተፈገፈገ ብር የሚገዛው በብረትነቱ፣ ማለት በሚዛን፣ መሆኑን ጻፈ። ይህንንም የተረጐምሁላቸው እኔው ነኝ።

እንግዲህ ስሕተቱ የሽቦው ሳይሆን የቃሉ ነው፤ ቃሉም የእኔ ነው። ዝገት የሚባለው ብረትን የሚበላው፣ ሲነኩት እየተፈረፈረ የሚረግፈው ነው። እድፍ በልብስ ላይ የሚገኘው፣ ሲታጠብ የሚለቀው ነው። ጥላሸት ከምድጃ ጭስ የሚመጣው ነው። የሦስቱም ቃላት ፍርድ በውስጣቸው አለ፤ የሰማቸው ሰው ሌላ ምክር ሳይጠይቅ ውሃና ሳሙና ይፈልጋል። የፈረንሳይኛው ቃል ግን እንዲህ ያለ ፍርድ የለበትም፤ እንዲያውም ዘመን በዕቃ ላይ ያሳረፈውን መልክ በአክብሮት የሚጠራ ነው። ለዚህ አማርኛ ቃል የለውም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። አልተሳካልኝም። ቃሉ አለ፤ በየቀኑ እንጠራዋለን፦ ወዝ።

ወዝ ከውጭ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። የሰው ፊት ወዝ አለው ስንል የተቀባውን ቅባት ሳይሆን ከራሱ ከሰውዬው የመነጨውን ማለታችን ነው፤ «ወዙ ጠፋ» ስንል ታሟል ወይም ከፍቶታል ማለታችን ነው። እጅ የለመደው የዱላ እጀታ፣ ዘመን ያስቆጠረ በርጩማ፣ ብዙ የተገለጠ ብራና ወዝ አላቸው። አንድ ዘመን የላብ አዳሪውን መደብ ሁሉ «ወዝ አደር» ብሎ የሰየመ ቋንቋ ይህን ቃል አጣ ማለት የትርጉም ሥራ የሚሠራ ሰው ስንፍና ካልሆነ በቀር ሌላ ምክንያት የለውም። ያን ዕለት «ብሮቹ ጥሩ ወዝ ይዘዋል ይላል» ብዬ ቢሆን ኖሮ እማማ ሎሚውን ለሰላጣ ያውሉት ነበር።

ቃሉ ልክ መሆኑን ለመፍረድ ግን ስለ ብሩ ራሱ ማወቅ ያስፈልጋል። ብር በአየር ውስጥ ካለ እርጥበት ወይም ከኦክሲጅን ጋር ብቻውን እንደ ብረት አይዝግም። የሚያጠቁረው ድኝ ነው፤ በተለይም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው፣ ከተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ። ድኙ ከብሩ ላይኛ ገጽ ጋር ሲዋሐድ ሲልቨር ሰልፋይድ የሚባል እጅግ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ሽፋኑ ገና ስስ ሳለ ወርቃማ፣ ሲወፍር ሐምራዊና ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ቀለማቱ በውሃ ላይ የተንሳፈፈ ዘይት ከሚያሳየው ኅብር የተለዩ አይደሉም፤ ብርሃን በስሱ ሽፋን ላይና ታች እየነጠረ የሚሠራው ጨዋታ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ሽፋን አብዛኛው አካሉ ከብሩ ከራሱ የመጣ መሆኑ ነው። ከላዩ ላይ የተቀመጠ አቧራ አይደለም፤ የብሩ ቆዳ ነው። ስለዚህ ጥቁሩን ያነሣ ሰው በጥቁሩ ውስጥ ያለውን ብርም አብሮ አንሥቷል።

አሁን አጉሊ መነጽሬን ይዤ ወደ ሁለቱ ልመለስ። በጥቁሩ ብር ላይ የምኒልክ ዘውድ ጌጦች አንድ በአንድ ይቈጠራሉ፤ የአንበሳው ጋማ ጠጕር በጠጕር ተለያይቷል፤ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሑፍ ፊደሎች ጠርዛቸው ስለታም ነው፤ ጥቁረቱ በጎድጓዳው ውስጥ ስለ ገባ ምስሉን ቀለም እንደ ነካው ማኅተም አጕልቶታል። በተወለወለው ብር ላይ ግን የንጉሡ ጉንጭና የአንበሳው ጎን ድጠዋል፤ በሜዳው ላይ በዓይን የማይታዩ፣ በመነጽር ግን እንደ ተቧጠጠ ምጣድ የሚታዩ እልፍ ጭረቶች ይተላለፋሉ። በፊደሎቹ ሥር ሽቦው ያልደረሰበት ጥቁረት ቀርቶ ገጹ የተኳለ ግን ያልታጠበ ፊት መስሏል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ሳንቲም በማኅተም ሲመታ ብሩ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል፤ ይህ ፍሰት ጥቃቅን መስመሮች ይተዋል፤ ብሩን ስናዘንበው እንደ መንኰራኵር የሚዞረው ብርሃን የሚመጣው ከእነዚህ ነው። በጥቁሩ ብር ላይ ያ ብርሃን ከወዙ ሥር አሁንም ይዞራል። በሌላኛው ላይ ብርሃኑ ይወጋል እንጂ አይዞርም። የፓሪስ ማምረቻ ቤት የሰጠው ገጽ ሄዷል፤ የቀረው ሽቦው የሰጠው ገጽ ነው። ይህን የሚመልስ መድኃኒት የለም።

በማርትሬዛ ላይ ነገሩ ይብሳል ብል አንዳንዱ ይገረም ይሆናል፤ ምክንያቱም ማርትሬዛ ብርቅ አይደለም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን ብሯ ግን ከሞተች በኋላ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከሺሕ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ፣ በሐበሻም በዐረብም፣ ሰው ያመነው ገንዘብ እሱ ነበር። በሐረር ይነግድ የነበረው ገጣሚ ራምቦ ሒሳቡን የሚሠራው በዚሁ ነበር። ምኒልክ የራሳቸውን ብር በፓሪስ ሲያስመቱም ክብደቱንና የብር መጠኑን ከማርትሬዛ ጋር አስተካክለው ነበር፤ ያም ሆኖ ገበያው ለረጅም ጊዜ አሮጊቷን መረጠ። ዐረቦች ብሩን «አቡ ኑቅጣ»፣ የነጥብ አባት፣ ይሉታል፤ ነጥቦቹ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ የከበቡት ሉሎች ናቸው። የእኛም ባላገር ብሩን ሲቀበል የትከሻዋንና የግንባሯን ሉሎች ይቈጥር፣ በጣቱም ይዳስስ ነበር። ሉሉ የጠፋበትን ብር አልቀበልም ይል ነበር። እንግዲህ አያቶቻችን ብርን የሚመዝኑት በብልጭታው ሳይሆን በዝርዝሩ ነበር ማለት ነው። እኛ ብልጭታውን ለማግኘት ዝርዝሩን እንፈገፍጋለን።

ዝርዝሩ ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 የሙሶሊኒ መንግሥት የማርትሬዛን መምቻ ማኅተም ከቪየና ወስዶ ብሩን በሮም በሚሊዮን በሚቈጠር ብዛት ማስመታት ጀመረ። ያ ዓመት ምን ዓመት እንደ ነበረ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ብሩ የተመታው በሚወረረው አገር ሰውና ስንቅ ሊገዛበት ነበር። ከዚያ በኋላ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ፣ ቈይቶም ቦምቤይ የየራሳቸውን መቱ። በሁሉም ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው፤ በሁሉም ላይ የሁለቱ የጥንት ሹማምንት የሾበልና የፋቢ ስም መጀመሪያ ፊደላት አሉ፤ በጠርዙም ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚለው የንግሥቲቱ መፈክር በላቲን ተጽፏል። አንዱን ከሌላው የሚለየው የሉሎቹ አቀማመጥ፣ የንስሩ የጅራት ላባ፣ ከዓመቱ አጠገብ ያለው ነጥብና የመስቀል ምልክት፣ የጠርዙ ጌጥ ነው። በአንድ እናት ሙዳይ ውስጥ ካሉት ስድስት ብሮች አንደኛው በወረራው ጊዜ የመጣ፣ ሌላኛው ከእሱ በፊት በአያት ጥሎሽ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚመሰክርላቸው በአውራ ጣት ጥፍር ላይ የሚያርፍ ዝርዝር ብቻ ነው። የእማማን ስድስት ማርትሬዛዎች መርምሬአለሁ፤ በአራቱ ላይ የላባው ጫፍ ከአሁን በኋላ ምንም አይናገርም።

ማርትሬዛ በኢትዮጵያ ሕጋዊ ገንዘብነቱ ያበቃው ከነጻነት በኋላ አዲሱ ብር ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሲታወጅ ነው። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ወደ አንጥረኛ እሳት ገብቶ መስቀልና ድሪ ሆኗል፤ የተረፈው በቋጠሮ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ያቀረበልኝ በመሐል ከተማ ጌጣ ጌጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ አባቱም አያቱም አንጥረኞች ነበሩ። «የሴት አንገት ላይ የጠቈረ ብር አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። «ብር ለመብረቅ ነው የተፈጠረው። ሰርግ ሲደርስ ይታጠባል፣ በዓል ሲደርስ ይታጠባል። እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ጥቁረቱን የወደዳችሁት ፈረንጅ ስለ ወደደው ነው።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ነክታኛለች፤ እውነትም አለባት። ሳንቲም ሰብሳቢዎች የታጠበውን እየናቁ ያልታጠበውን በውድ የሚገዙት ለአያቶቻችን ታሪክ ተቈርቍረው ብቻ አይደለም፤ ገበያ ነው። ገበያ በመሆኑም ጥቁረትን የሚያስመስሉ ሞልተዋል፦ ብርን ከተቀቀለ እንቁላል አስኳል ጋር በከረጢት ዘግቶ ማሳደር፣ በድኝ ማጠን፣ በምድጃ ማሞቅ። ጥቁረትም ይዋሻል። የምሟገተውም ጥቁረት ቆንጆ ስለ ሆነ አይደለም፤ በግሌ አንዳንዱ ያስጠላኛል። ደግሞም አንጥረኛው ስለ ጌጥ የተናገረውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ጆሮ ተበይዶለት በሐረር ወይም በወሎ ሴት አንገት ላይ የዋለ፣ በአፋርና በሶማሌ እናቶች ድሪ ላይ የተሰካ ማርትሬዛ ሳንቲምነቱን ትቶ ጌጥ ሆኗል። የእሱ ታሪክ መታጠቡና መታሸቱ ራሱ ነው፤ በቆዳ፣ በልብስና በእጅ የተለሰለሰው ገጹ ወዙ ነው። እሱን ለሙዚየም ብሎ ማጥቈር ሌላ ጅልነት ነው። ከአንጥረኛው የምለየው ሁለቱን አንድ አድርጎ በማየቱ ነው። በቋጠሮ የተቀመጠ ብር አንገት ላይ ውሎ አያውቅም። የተቀመጠው እንዲያምር ሳይሆን ክፉ ቀን እንዲያሻግር ነው፤ ታሪኩም መቀመጡ ነው። እንዲህ ያለውን ብር መፈግፈግ ያልኖረውን ሕይወት እንደ ኖረ ማስመሰል ይሆናል።

አይጽዳ ስል ግን ምንም አይነካ ማለቴ አይደለም። ጅቡቲ ላይ እንዲህ የሚል ሰው ባሕሩን አያውቅም። የእኛ አየር ጨው ነው። ጨው በብር ላይ ሲሠራ የሚፈጠረው ሲልቨር ክሎራይድ እንደ ወዙ ስስና ጸጥተኛ አይደለም፤ ግራጫ፣ ሰም የመሰለ፣ አንዳንዴም ቅርፊት የሚሠራ ነው። (አሞሌና ማርትሬዛ ለዘመናት በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ገንዘብ ሆነው ኖረዋል፤ በአንድ ከረጢት ግን ባይከርሙ ይሻላቸዋል።) መዳቡም በእርጥበትና በጨው አረንጓዴ ያወጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነው አረንጓዴ ግን እኛው የምናመጣው ነው፦ ብርን ለመጠበቅ ብለን የምናስገባበት ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ በሙቀት ሲላብ የሚተወው የሚያጣብቅ ቅባት። ይህ ወዝ አይደለም። ከውጭ የመጣ ነው፤ ዛሬም እየበላ ነው፤ መነሣት አለበት። የሚነሣውም በንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክሮ፣ ሳያሹ፣ በማውጣት ነው። አሴቶን ቅባቱን እንጂ ብሩንና ወዙን አይነካም። እሳት የሚወድ ፈሳሽ ስለ ሆነ መስኮት ይከፈት፣ የዕጣን ማጨሻውም ከክፍሉ ይውጣ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ሽቶና ዘይት የገባበት ስለሆነ በእሱ ምትክ አይሆንም። ላብና ጨው ብቻ ከሆነ የተጣራ ውሃ ይበቃል፤ ከዚያም በጥጥ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ እንጂ መጥረግ የለም። ቅርፊቱ የጸናበትንና ጽሑፉን የሸፈነውን ለባለሙያ መተው ነው።

የሚያበላሹት መንገዶች ግን በየቤቱ አሉ። ሎሚ አሲድ ነው፤ ከመዳቡ እየመረጠ ይበላል። አመድና የጥርስ ሳሙና አሸዋ ናቸው፤ ልዩነታቸው የቅንጣታቸው መጠን ብቻ ነው። በቤኪንግ ሶዳና በአሉሚኒየም ፎይል የሚደረገው ብዙ ሰው ንጹሕ ነው ብሎ የሚያምነው ዘዴ ጥቁሩን ወደ ብርነት መመለሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተመለሰው ብር እንደ ቀድሞው ተደልድሎ አይቀመጥም፤ ገጹ ፈዛዛና ባለ ቀዳዳ ይሆናል፣ ከበፊቱም ፈጥኖ ይጠቍራል። በሱቅ የሚሸጠው መንከሪያ ፈሳሽ በሰከንድ ውስጥ ያነጣል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ንክር ያ የሚዞረው ብርሃን ይሞታል።

አንድ ምሳሌ ከጥንቱ ልጨምር፤ ከእኛ ቋጠሮ ይርቃል፣ ነገር ግን ነጥቡን ያጠነክረዋል። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። ከብርና ከመዳብ ሳንቲሞቻቸው መካከል አንዳንዶቹ በምስሉ ላይ፣ ለምሳሌ በንጉሡ ራስ ዙሪያ፣ እጅግ ስስ የወርቅ ሽፋን አላቸው። በአንዲት ትንሽ ሳንቲም ላይ ሁለት ማዕድን! እንዲህ ያለ ሳንቲም ከአፈር ሲወጣ ወርቁ በቅርፊት ሥር ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ያገኘው ገበሬ ወይም የገዛው ነጋዴ «ላብራው» ብሎ አሸዋ ሲያሸው የሚያነሣው መጀመሪያ ቈሻሻውን፣ ቀጥሎ ወርቁን ነው። ከዚያ በኋላ በእጁ የሚቀረው እውነትም የሚያብረቀርቅ ነገር ነው፤ አክሱማዊው ሠራተኛ የተጨነቀበት ነገር ግን በመጥረጊያው ጨርቅ ላይ ቀርቷል።

በእኛ ዘንድ ይህ ልማድ የመጣው ከየት ነው ብዬ አስቤአለሁ። አንደኛው ከቋንቋችን ይመስለኛል። በአማርኛ ማዕድኑም ገንዘቡም «ብር» ነው፤ የጠቈረ ብር ሲታይ ማዕድኑ ብቻ ሳይሆን ሀብቱ የተዋረደ ይመስለናል። ሁለተኛው ከስደት ነው። በሰው አገር የሚኖር ሰው ዕቃውን ለሌላ ዓይን ያዘጋጃል፤ እማማ «ሳላጸዳ መላኬ» ያሉት ለእንግዳ ያልተጠረገ ቤት እንዳሳዩ ተሰምቷቸው ነው። ይህን ኀፍረት አልነቅፍም፤ ጨዋነት ነው። የምነቅፈው ኀፍረቱን ያለ ቦታው የቀሰቀሰውን ተርጓሚ ነው። በሥራዬም ይህንኑ ኀጢአት ሠርቻለሁ፤ የአሮጌ ደብዳቤን ሻካራ አማርኛ ወደ ለስላሳ ፈረንሳይኛ ሳዞር ስንት ጊዜ ጉንጩን እንደ ደጠጥሁት አሁን ነው የማየው። የጻፈው ሰው የሚንተባተብበትን ቦታ ሁሉ ወልውዬ አልፌአለሁ፤ አሠሪዎቼም አመስግነውኛል።

ስለ አቀማመጥ ጥቂት ልበል፤ በዚህ ከተማ ሙቀት ከጽዳቱ የሚበልጠው እሱ ነው። ላስቲክ ድኝ አለበት፤ በላስቲክ የታሰረ ብር የላስቲኩን መስመር በጥቁር ይይዛል። ሱፍም እንዲሁ። ክብሪት ያለበት መሳቢያ፣ ኩሽናና የዕጣን ማጨሻ አጠገብ አይሆንም። ለስላሳው ፕላስቲክ ከላይ ተነግሯል። አሲድ የሌለበት የወረቀት ፖስታ፣ በፖስታው ላይ የእርጥበት መጥጫ ከረጢት፣ በላዩ የሚገጠም ቆርቆሮ፤ ብሩም ሲያዝ በጠርዙ እንጂ በፊቱ አይደለም። የጣት ላብ ዛሬ አይታይም፤ በዓመቱ አሻራው ከነመስመሩ በንግሥቲቱ ፊት ላይ ይወጣል።

ሁለቱን ብሮች ለዚህ ጽሑፍ አውሰውኝ የነበሩትን እማማን ትናንት ልመልስላቸው ሄጄ ነበር። መጀመሪያ የተናገርሁት ስለ ዝገቱ ነው፤ የተረጐምሁት በስሕተት እንደ ነበር፣ ገዢው ያለው ሌላ እንደ ነበር ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ታዲያ ምን ነበር የሚለው?» አሉኝ። «ወዝ አላቸው ነው የሚለው» አልኋቸው። ጥቁሩን ብር አንሥተው ወደ መስኮቱ አዘነበሉትና ብዙ አዩት። «የእናቴ እጅ ነዋ» አሉ።

ስምንቱን ወደ አንጥረኛው ሊልኳቸው ወስነዋል። ጆሮ ተበይዶላቸው ለልጅ ልጃቸው ድሪ ይሆናሉ፤ ከእንግዲህ ቢታጠቡም ግድ የለም። ገዢው ለዘጠነኛው ዋጋ እንዲሰጥ እንደገና ደብዳቤ ልጻፍለት ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ለጊዜው አያስፈልግም አሉ። ፖስታውን ሰጠኋቸው፤ በላዩ ላይ ምን እንደ ሆነ በሁለቱም ቋንቋ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝና በአማርኛው በኩል «የዳግማዊ ምኒልክ ብር፣ 1889 ዓ.ም.፣ ከነወዙ» ብዬ ጻፍሁ።